እንካ ስላንቲያ ያሳደገን ሰዎች ዶክተር ሱስን ለምን እንፈራለን?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ ላከልኝ። «ያንተን ሰውዬ አፈር ድሜ አብልተውልሃል» የምትል መልእክት አብራው ነበረች። ጽሑፉ ስለ አሜሪካዊው የልጆች ደራሲ ስለ ዶክተር ሱስ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለልጆች የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ በዚህ አከብራቸዋለሁ። ያሉትን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ክሳቸው ባጭሩ ይህ ነው። የዶክተር ሱስ ግጥም ትርጉም የሌለው ቀባጣሪ ነገር ስለሆነ የልጅን ቋንቋ ያበላሻል። ማንም ቁጭ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ምክር የለበትም። የፈረንጅ ስለሆነ ለእኛ ልጅ አይሆንም፤ ወደ አማርኛም አይመለስም፤ ይባስ ብሎም የአሳማ ሥጋ ብሉ ይላል። ሰውየው ራሱ ዶክተር ሳይሆን ዶክተር የተባለ፣ ልጅ ሳይወልድ ለልጅ የጻፈ፣ በዚያ ላይ ዘረኛ ነበር። ስለዚህ ወላጆች ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አታጥፉ ይላሉ።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ልናገር። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አለችኝ። ከደብተርና ከእስክሪብቶ ጎን አንድ መደርደሪያ አሮጌ የልጆች መጻሕፍት አስቀምጣለሁ። የዶክተር ሱስ ሲገኝ እሸጣለሁ፤ ባመት ሁለት ሦስት ቢገኝ ነው። ስለዚህ ጥብቅና የቆምኩት ለገበያ ብዬ አይደለም። ሁለተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ፤ ነገሩ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው።

ከትንንሾቹ ክሶች ልጀምርና ቶሎ ልለፋቸው። የሰውየው ትክክለኛ ስም ቴዎዶር ሱስ ጋይዘል ነው። በ1904 በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። «ሱስ» የእናቱ የቤተሰብ ስም ነው። ኦክስፎርድ ሄዶ ለዶክትሬት ሊማር ጀምሮ ትቶት ተመለሰ። አባቱ ግን ልጃቸው ዶክተር እንዲሆን ይመኙ ነበርና በብዕር ስሙ ላይ «ዶክተር» የምትለውን ቃል ጨመረባት። አንድም በሽተኛ አላከመባትም፤ ማንንም አላታለለባትም። ልጅ አልወለደም የተባለውም እውነት ነው። ታዲያ ምን ይሁን? በልጅነታችን ተረት የነገሩን ሰዎች ሁሉ የወለዱ ነበሩ? እኔን በተረት ያሳደገችኝ አክስቴ አልወለደችም። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ግን ሲመሽ ደጃፏ ላይ ነበር የሚሰበሰበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጸሐፊው «ትርጉም የሌለው ቃል ልጅን ያበላሻል» ይላሉ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው። እርሳቸው እንካ ስላንቲያ ሳይጫወቱ አደጉ ወይ?

እንካ ስላንቲያ!
በምንቲያ?
በጦጣ።
ምን አለህ በጦጣ?
ጦጣ ቡና አፍልታ ጉሬዛ ሲጠጣ፣
ያንተ ስኒ ጠፍቶ አባ ኮዳ መጣ።

ይህቺን ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር የሠራናት ነች። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ሦስቱንም እንስሳት ያውቃቸዋል። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሲሄዱ ጦጣዋ ሙዝ ትነጥቃለች፣ ጉሬዛው ከዛፍ ላይ ያያል፣ ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር የዓሣ አንጀት ይጠብቃል። ቡና ግን አንዳቸውም አያፈሉም። ስንኟ ቁም ነገር የላትም። ቤት ግን ትመታለች። ቀለሟን፣ ማለትም የድምፅ ክፍሎቿን፣ ቢቆጥሩ ስድስት በስድስት ነች፤ ትልልቆቹ ገጣሚዎቻችን የወል ቤት የሚሉት ልክ ማለት ነው። ልጄ የወል ቤት ምን እንደሆነ አታውቅም። ጆሮዋ ግን ያውቃል። አንዲት ቀለም ሳጎድልባት «አባ፣ አልገጠመም» ትለኛለች።

በቡሄ ልጆች በራችንን እያንኳኩ «ሆያ ሆዬ» ሲሉ «ሆያ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ዱላውን የነጠቃቸው ሰው አለ? ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረስ ሰው «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ሲያዜም ግዕዝና ካዕብ ምን እንደሆኑ ያውቅ ነበር? ዜማው ቀድሞ ገባ፤ ትርጉሙ በኋላ ደረሰ። ልጅ ድምፅን የሚወደው ከትርጉም በፊት ነው። አባቶቻችን ይህን አውቀው ነው በዜማ ያስቆጠሩን።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ብራድሌይና ብራያንት የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ወደ 400 የሚጠጉ ትንንሽ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱን በ1983 አሳተሙ። ገና ማንበብ ሳይጀምሩ ቃላት ሲነገሩ የትኛው ቤት እንደማይመታ፣ የትኛው ድምፅ ከሌሎቹ እንደሚለይ የሚሰሙ ልጆች በኋላ ንባብና የቃላት አጻጻፍ ቀለላቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማንበብ ማለት ቃልን ወደ ድምፅ መፍታት ነው። ቤት መምታት ደግሞ ቃልን እንዲፈታ ጆሮን ያለማምዳል። ስለዚህ ጨዋታው ትምህርቱን አያበላሽም። ጨዋታው ራሱ ትምህርቱ ነው።

በልጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምትማርበት ክፍል ውስጥ ሃምሳ ምናምን ልጅ አለ። እንግሊዝኛ ሲደርስ መምህሯ አንድ መስመር ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ልጄ አፏን ታንቀሳቅስ ነበር እንጂ አታነብም። ቤት ስትመጣ መጽሐፉን ከፊቷ ሳስቀምጥ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሸሻል። በሩ ላይ ሊመታት የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል። መምህሯን አልወቅስም፤ ሃምሳ ልጅ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ደግሞም ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ልጅ ቤት ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ፣ መንገድ ላይ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ይናገራል። ለአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሦስተኛ ቋንቋ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ፒያሳ አስፋልት ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ጀርባው የተላቀቀ፣ የአንድ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ገዛሁ። ውስጡ የዶክተር ሱስ ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልክ መብራት አነበብኩላት። በሦስተኛው ገጽ ላይ ቆም አልኩ። የስንኙን የመጨረሻ ቃል ሳልጨርስ እሷ ጨረሰችው። አንብባው አልነበረም፤ ጆሮዋ ገምቶላት ነው። ከዚያ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ በደንብ አየችው። «ይሄ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ እሱ ነው» አልኳት። ትከሻዋ ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይኔ አየሁ።

በሳምንቱ መጽሐፉን ብቻዋን አነበበችው።

ጸሐፊው «ማንም ሊጽፈው የሚችል ቀላል ነገር» ያሉት ይህንን ነው። እስኪ ሥራውን እንመልከት። በ1954 ጆን ኸርሲ የተባለ ጸሐፊ ላይፍ መጽሔት ላይ የአሜሪካ ልጆች ማንበብ የሚጠሉት የትምህርት ቤት መጻሕፍቱ አሰልቺ ስለሆኑ ነው ብሎ ጻፈ። አንድ አሳታሚም ዶክተር ሱስን ጠርቶ አንደኛ ክፍል ልጅ ሊያውቃቸው የሚገቡ ቃላት ዝርዝር ሰጠው። ከዚህ ዝርዝር ሳትወጣ ልጅ ሊያስቀምጠው የማይችል መጽሐፍ ጻፍ አለው። ሰውየው ከአንድ ዓመት በላይ ታገለ። በ1957 የወጣው፣ ኮፍያ ስላደረገው ድመት የሚያወራው መጽሐፍ በ236 የተለያዩ ቃላት ብቻ የተሠራ ነው። ቀጥሎ ሌላ አሳታሚ በ50 ቃል አትችልም ብሎ በ50 ዶላር ተወራረደው። በ1960 ቻለ። ከሃምሳዎቹ ቃላት 49ኙ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ናቸው፤ ረዘም ያለችው አንዷ ብቻ ናት።

ሃምሳ ቃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ራሴ ስሞክር ነው። ለልጄ ልደት በሃምሳ የአማርኛ ቃል አንድ ታሪክ ልጽፍላት ፈለግሁ። ሱቅ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። አንዱን ቃል ሳስገባ ሌላው ይፈርሳል፤ ቤቱ ሲመታ ታሪኩ ይቆማል። የዶክተር ሱስ እንግሊዝኛ ግጥም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ፈዘዝ ያሉ ድምፆችና አንድ ጠንካራ ምት እየተከታተሉ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚሄዱበት ነው። አንድ ቦታ ከተሳሳተ ፈረሱ ይደናቀፋል። ሰውየው ይህን ምት የመጀመሪያ መጽሐፉን ሲጀምር ያገኘው በ1936 ከአውሮፓ በመርከብ ሲመለስ ከሞተሩ ድምፅ ነው። የሞተሩን ምት እየሰማ ቃላት ያስገባበት ነበር። ያንን መጽሐፍ ሃያ ምናምን አሳታሚዎች መልሰውበታል። በ1937 የታተመለትም አዲስ የልጆች መጻሕፍት አርታኢ የሆነ የድሮ የኮሌጅ ጓደኛውን ኒው ዮርክ መንገድ ላይ በአጋጣሚ ስላገኘው ነው። ቀላል ነገር እንዲህ አይወለድም። ልጅ ሲያነበው ቀላል የሚሆነው ጸሐፊው ክብደቱን ራሱ ስለተሸከመለት ነው።

«ምክር የለበትም» ለተባለው ደግሞ መልሴ ሁለት ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ልጆቻችን የምክር እጥረት የለባቸውም። ጠዋት ሲነሱ ምክር፣ ሰልፍ ላይ ምክር፣ ማታ ምክር ነው። እስኪ አንድ መጽሐፍ እንኳን ጣቱን ሳይቀስርባቸው ያጫውታቸው።

ሁለተኛው ግን ይበልጣል። ጸሐፊው ሁሉንም መጻሕፍቱን ያዩ አይመስለኝም። በ1954 የጻፈው ስለ አንድ ዝሆን ነው። ዝሆኑ ዓይን የማያያቸውን ጥቃቅን ፍጥረቶች ድምፅ ሰምቶ፣ ጫካው በሙሉ ሲስቅበት፣ እነሱን ለማዳን ይሟገታል። ትንሽ መሆን ሰው ከመሆን አያጎድልም ነው ነገሩ። በ1971 ደግሞ ዛፉን ሁሉ ቆርጦ ፋብሪካ ስለሚያስፋፋና በመጨረሻ ባዶ ምድር ላይ ስለሚቀር ሰው ጻፈ። ይህ መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚናገር ማወቅ ከፈለጉ፣ በ1989 ካሊፎርኒያ ውስጥ በእንጨት ሥራ የምትተዳደር አንዲት ትንሽ ከተማ ወላጆች ልጆቻችን ያን መጽሐፍ እንዲያነቡ አይገደዱ ብለው ተነሥተው ነበር። ምክር የሌለበትን መጽሐፍ ማን እንዲህ ይፈራል?

ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች ደግሞ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበረን። «ነበረን» ማለቴን ልብ በሉ። ዙሪያው ዛፍ እየተመነጠረ፣ ጎርፍ አፈር እያመጣ ሲሞላው ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚመጣው ከዚያው በኩል ነው። የዛፍ ቆራጩን ታሪክ ለልጄ በአማርኛ እየተረጎምኩ ባነበብኩላት ማግስት በባጃጅ በዚያ ስናልፍ «ሐይቁን ማን ወሰደው?» አለችኝ። የማስረዳት ተራው የእኔ ሆነ። ጥያቄውን ያመጣው ግን መጽሐፉ ነው።

ስለ አሳማ ሥጋው። ይህን ክስ አልንቅም። ብዙ ቤት ውስጥ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ወላጅ ይህን ሲያይ ቅር ይለዋል። እኔም አንብቤው ቆም ብያለሁ። በሃምሳ ቃል የተጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ሌላውን አረንጓዴ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ካልበላህ እያለ ያሳድደዋል። ለልጄ «እነሱ አገር ይበላል፤ እኛ አንበላም» አልኳት። «እሺ» ብላ ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ «እንግዲያውስ አረንጓዴ ዓሣ ይሁን» አለች። እኛ አዋቂዎች አንድ ቃል ላይ ስንሟገት ልጅቷ በሐይቋ ዓሣ ቀይራው አልፋለች። የታሪኩ ፍሬ ያልቀመስከውን ነገር አትጥላ ነው፤ ምግቡ ምንም ይሁን ምን።

ወደ አማርኛ አይመለስም የተባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። በእንግሊዝኛ ድመትና ኮፍያ ቤት ይመታሉ፤ በአማርኛ አይመቱም። ቃል በቃል ቢተረጎም ሰም አልባ ወርቅ ይሆናል። ቢሆንም ያ ድመት ወደ ላቲን ሳይቀር ተተርጉሟል፤ ለዚያውም በግጥም። ለእኛ መንገዱ ሌላ ይመስለኛል። የእኛ ድመት ከዓመት ጋር ቤት ትመታለች። ታዲያ ኮፍያዋን ትታ ለእንቁጣጣሽ ትምጣልና። ይህን የሚሠራ የአማርኛ ገጣሚ ካለ፣ ሱቄ ፊት ለፊት ያለውን መደርደሪያ አጽድቼ እጠብቀዋለሁ።

የመጨረሻው ክስ ከባዱ ነው፤ አላለዝበውም። ጸሐፊው ሰውየው ዘረኛ ሥዕል ሥሏል ሲሉ ልክ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ የፖለቲካ ካርቱን ይሥል ነበር። ጃፓኖችን፣ አሜሪካ ተወልደው ያደጉትን ጭምር፣ አስቀያሚና ከሃዲ አድርጎ አሳይቷል። ይህ የሚያሳፍር ሥራ ነው። በአንዳንድ የልጆች መጻሕፍቱም እስያውያንና አፍሪካውያን ለመሳለቂያ በሚመስል መልክ ተሥለዋል። በ2021 ሥራዎቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ራሱ 6 መጻሕፍት ከእንግዲህ አይታተሙም አለ። ከመካከላቸው አንዱ ያ ሃያ ምናምን አሳታሚ የመለሰው የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው።

እኔ ይህን ውሳኔ እደግፋለሁ። እነዚያ ስድስቱ መደርደሪያዬ ላይ የሉም፤ አይኖሩምም። እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ አንድ ዴስክ ላይ የአምስት ብሔር ልጅ አብሮ ይቀመጣል። አንዱን ልጅ በመልኩ የሚያሳፍር ሥዕል ለልጄ አላሳያትም። ግን ሰውየው የጻፈው ከ60 በላይ መጽሐፍ ነው። በ1953 ጃፓን ሄዶ ትምህርት ቤቶች ጎበኘ፤ በተመለሰ በዓመቱ ያንን የዝሆኑን መጽሐፍ አሳተመና መታሰቢያነቱን ለአንድ ጃፓናዊ ወዳጁ ሰጠ። ይህ ያለፈውን ይሰርዝለታል አልልም። ዝሆኑን ግን ከካርቱኑ ጋር አብሬ አልጥለውም።

ባለፈው ወር ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ አሞራ ገደል ወሰድነው። እንደ ልማዳችን ጥሬ ዓሣ አዘዝን። ቆሮሶው በስሱ ተከትፎ፣ ሚጥሚጣ በጎኑ ይዞ መጣ። ወንድሜ ሳህኑን ገፋ አደረገው። «እኔ ጥሬ ዓሣ? በፍጹም!» አለ። ልጄ ዓይኗ በራ። ታሪኩን አውቃዋለች። ተነሥታ ዞር ብላ ጆሮው ሥር ሄደች። ጥብስ ከሆነ ትበላለህ? አይ። ጀልባ ላይ ብንሆንስ? አይ። ጦጣዋ ብታጎርስህስ? አይ አልኩሽ! ወንበሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ከዚያ አንድ አባ ኮዳ ከዓሣ ሻጮቹ በኩል እየተጎማለለ ወደ እኛ ሲመጣ አየችና ጮኸች፤

አንዲት ጉርሻ ጉረስ፣
አባ ኮዳ ሳይደርስ!

አጠገባችን የነበሩት ሰዎች ሳቁ። ወንድሜም ተሸነፈ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። ሚጥሚጣው አስነባው። ቆይቶ ግን አስተናጋጁን ጠርቶ «አንድ ድገመን» አለው።

ባጃጅ ይዘን ስንመለስ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ዝም አለች። ያሸለበች መስሎኝ ነበር። ፍቅር ሐይቅን ካለፍን በኋላ ቀና ብላ አየችኝ። «አባ» አለችኝ፣ «ጉረስና ሳይደርስ ሁለቱም መጨረሻቸው ስ ነው።»